ቤታቸውን ለአገር የሰጡት አባት፦ ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ (ከ1873 እስከ 1949 ዓ.ም)

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነትን ከቤተሰብ አባትነት ጋር አስተባብረው በመያዝ ስማቸው ከሚነሣ መኳንንት መካከል ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በሰላሙ ዘመን አገረ ገዥ፣ በጦርነቱ ዘመን የሰሜን ግንባር የጦር አዛዥ፣ ከነፃነት በኋላም የዘውድ ምክር ቤት ቀዳሚ አባል በመሆን ከ40 ዓመታት በላይ አገልግለዋል። ይሁን እንጂ የልዑሉን ሕይወት ከሌሎች የዘመኑ ታላላቅ ባለሥልጣናት ሕይወት የሚለየው የያዙት ሥልጣን ብዛት ሳይሆን፣ ለሥልጣኑ የከፈሉት ዋጋ ነው። ልዑል ራስ ካሣ ከአራት ወንዶች ልጆቻቸው መካከል ሦስቱን በ1929 ዓ.ም በጥቂት ቀናት ልዩነት በጠላት እጅ ያጡ አባት ናቸው።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ከአዲስ አበባ ዙሪያ መልክዓ ምድር ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። መዲናዪቱን ከደቡብ ምዕራብ የፉሪ ተራራ፣ ከምዕራብ የወጨጫ ተራራ፣ ከሰሜን ደግሞ የእንጦጦ ሰንሰለት ከበዋት ይገኛሉ። በእነዚህ ከፍታዎች ሥር የሚገኙት ፉሪ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተካተቱ ሲሆን፣ በ1928 ዓ.ም ክረምት ግን አካባቢው ዋና ከተማዋን ከወራሪው ጦር ለማስለቀቅ የተነሡ አርበኞች መተላለፊያ ነበር። ከእንጦጦ ወርዶ ሱሉልታን አቋርጦ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ጎዳና ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ የራስ ካሣ ቤት ማዕከል ወደነበረችው ወደ ፍቼ ከተማ ይደርሳል። የልዑሉ ልጆች አዲስ አበባን ለማጥቃት የወረዱትም በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ትውልድና አስተዳደግ

ልዑል ራስ ካሣ በ1873 ዓ.ም ከአባታቸው ከደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሰሜ ዳርጌ ተወለዱ። አባታቸው ከላስታ ገዥ ቤተሰብ የሚወለዱ ሲሆን፣ እናታቸው ደግሞ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ የሆኑት የራስ ዳርጌ ልጅ ናቸው። በዚህም ምክንያት በልዑሉ የዘር ሐረግ የላስታና የሸዋ ታላላቅ ቤቶች ተገናኝተዋል።

የእናታቸው አባት ራስ ዳርጌ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ አጎትና በዘመኑ እጅግ ከሚታመኑ ታላላቅ ሰዎች አንዱ እንደነበሩ ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1888 ዓ.ም ወደ አድዋ በዘመቱ ጊዜ ሸዋን እንዲጠብቁ አደራ የተሰጣቸው እኚሁ ራስ ዳርጌ ነበሩ። የሰላሌ ግዛትም የእርሳቸው ነበር። ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም ሲያርፉ የቤቱ ስምና የሰላሌ አገዛዝ ቀስ በቀስ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ካሣ ተላለፈ። በመሆኑም ወጣቱ ካሣ ገና ከጅምሩ የተቀበሉት መሬትና ማዕረግ ብቻ ሳይሆን፣ ንጉሥ ሲዘምት ቤት የመጠበቅን አደራ ጭምር ነበር ለማለት ይቻላል።

ልዑሉ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠልቀው የተማሩ፣ የግእዝን መጻሕፍት አዘውትረው የሚያነቡና ከሊቃውንት ጋር መወያየትን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በዘመኑ ከነበሩት መሳፍንትና መኳንንት መካከል በሃይማኖት ዕውቀታቸው የሚስተካከላቸው ጥቂት እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ይህ ዕውቀት በኋላ ዘመናቸው በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መካከል በሚነሡ ጉዳዮች ላይ ተሰሚነትን አስገኝቶላቸዋል።

ትዳርና ቤተሰብ

ልዑል ራስ ካሣ ልዕልት ጽጌ ማርያም በሻህን አግብተው ወንድወሰን፣ አበራ፣ አስፋወሰንና አሥራተ የተባሉ አራት ወንዶች ልጆችን አፍርተዋል። በዚያ ዘመን የመኳንንት ጋብቻ ብዙውን ጊዜ ከፖለቲካ ስምምነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ወዳጅነት ሲፈርስ ትዳርም አብሮ መፍረሱ የተለመደ ነበር። የራስ ካሣ ቤት ግን በጽናቱና በሃይማኖታዊ ሥርዓቱ የሚጠቀስ ነበር።

አባትየው ልጆቻቸውን በቤት ውስጥ አስቀምጠው በስማቸው ብቻ እንዲከበሩ አላደረጉም። ታላቁ ልጅ ደጃዝማች ወንድወሰን የበጌምድርን አስተዳደር ይመሩ የነበረ ሲሆን፣ ደጃዝማች አበራና ታናሽ ወንድማቸው አስፋወሰን በአባታቸው ግዛት በሰላሌ ኃላፊነት ነበራቸው። ደጃዝማች አበራ የትግራዩን ገዥ የልዑል ራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን በማግባታቸው የሰላሌና የትግራይ ቤቶች በዝምድና ተሳስረዋል። የመጨረሻው ልጅ አሥራተ ጦርነቱ ሲጀመር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ታዳጊ ነበሩ።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ይህ ቤት እንደ ማንኛውም የዘመኑ ታላቅ ቤት በገባር ሥርዓት ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የሰላሌ ገበሬ ግብርና አገልግሎት የቤቱ ኃይል መሠረት ነበር። የልዑሉን የግል ባሕርይ ማወደስ ሥርዓቱ በአርሶ አደሩ ላይ ያሳድር የነበረውን ጫና መርሳት ማለት አይደለም። በጦርነቱ ወቅት ከልጆቻቸው ጋር ተሰልፎ የሞተው ወታደር በአብዛኛው ከዚሁ አርሶ አደር ቤት የወጣ ነበር።

ከዙፋን ይልቅ አገልግሎት

ካሣ ኃይሉ ገና በደጃዝማችነት ማዕረግ ሳሉ በ1903 ዓ.ም የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ወደ ለንደን ተጉዘዋል። ይህ ጉዞ ከአገር ውጭ ያለውን ዓለም በቅርብ እንዲመለከቱ ዕድል የሰጣቸው ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ያላት ግንኙነት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ያዩበትም ነበር።

በ1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የአገሪቱ ዙፋን ባዶ ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም በሰገሌ ሜዳ በተካሄደው ታላቅ ጦርነት ካሣ ከሸዋ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው የንጉሥ ሚካኤልን ጦር ወግተዋል። ከድሉ በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ምኒልክ ሲነግሡ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ፤ ካሣም የራስነት ማዕረግ አገኙ።

የራስ ካሣና የተፈሪ መኮንን ዝምድና ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የካሣ አያት ራስ ዳርጌና የተፈሪ ቅድመ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባትና ልጅ ሲሆኑ፣ የተፈሪ የዘር ሐረግ ከንጉሡ ጋር የሚገናኘው በሴት አያታቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። ስለዚህ የሁለቱ አያቶች ወንድምና እህት ነበሩ። በትውልድ ሐረግ ብቻ ቢታይ የካሣ የዙፋን መብት ከተፈሪ የሚያንስ አልነበረም፤ በአባታቸው በኩል ያለው የላስታ ዘር ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይጠናከር ነበር።

ራስ ካሣ ግን በዚህ መብት ለመጠቀም አልተነሡም። ሠራዊትና ሰፊ ግዛት፣ ከዋና ከተማዋም በጥቂት ቀናት የእግር ጉዞ የሚደረስበት ምሽግ በእጃቸው እያለ የተፈሪ ዋና ደጋፊ ሆኑ። በ1922 ዓ.ም መጋቢት ወር ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ከወደቁ በኋላ የበጌምድር ግዛት ለእርሳቸው መሰጠቱ ከተፈሪ ጋር የነበራቸው መተማመን ምን ያህል እንደነበረ ያሳያል። በዚያው ዓመት ንግሥት ዘውዲቱ በማረፋቸው ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡም ልዑሉ በታማኝነታቸው ጸኑ። በወቅቱ በሥልጣን ሽሚያ ብዙ ታላላቅ ቤቶች እርስ በእርሳቸው ሲጠፋፉ፣ በሁለቱ ዘመዳሞች መካከል ያለው ስምምነት አገሪቱን ከሌላ የእርስ በእርስ ጦርነት አድኗታል ማለት ማጋነን አይሆንም።

የፍቼው እስረኛ

ለራስ ካሣ ከተሰጡት አደራዎች ሁሉ አስቸጋሪው የልጅ ኢያሱ ጥበቃ ነበር። ከሥልጣን ወርደው ለዓመታት ሲሸሹ የቆዩት ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም ከተያዙ በኋላ በፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር እንዲቀመጡ ተወሰነ። ልዑሉ እስረኛቸውን እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ንጉሥ የልጅ ልጅ በክብር እንዲያዙ አድርገዋል።

ይሁን እንጂ በ1924 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አመለጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተይዘው ወደ ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ቢወሰዱም፣ ድርጊቱ የራስ ካሣን ስም የነካ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ተመዘገበ። በማምለጡ ሤራ እጃቸው አለበት የተባሉት የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግዛታቸውን ተነጥቀው ታሰሩ። የእኚህ ሰው ስም ከአራት ዓመት በኋላ በዚያችው በፍቼ ከተማ እጅግ በከፋ ሁኔታ ከራስ ካሣ ቤት ጋር ዳግመኛ ይገናኛል።

ተምቤንና ማይጨው

የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ሲወር ራስ ካሣ የ54 ዓመት ሰው ነበሩ። ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ትግራይ በመዝመት ከልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ ጋር የተምቤንን ግንባር ያዙ፤ በሰሜን የተሰለፈው ጦር የበላይ አዛዥነትም ተሰጣቸው።

በጥር ወር 1928 ዓ.ም በተካሄደው የመጀመሪያው የተምቤን ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት አንድ የጥቁር ሸሚዝ ክፍለ ጦርን በተራራ መተላለፊያ ላይ ከቦ ለጥቂት ቀናት አስጨንቆት ነበር። የኢጣሊያ ጦር ከዚህ ከበባ የወጣው በአውሮፕላን ድብደባና በመርዝ ጋዝ ጭምር ነው። በየካቲት ወር መጨረሻ በተካሄደው ሁለተኛው የተምቤን ጦርነት ግን አምባ አራዶም ቀድሞ በመውደቁ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ሠራዊት ከኋላም ከፊትም ተከቦ ተሰበረ።

ስለ ልዑሉ የጦር አመራር የታሪክ ተመራማሪዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። በድፍረታቸውና በታማኝነታቸው ላይ ጥርጣሬ ባይነሣም፣ ዘመናዊ ጦርነትን የመምራት ልምድ ያልነበራቸው መሆኑ ይነገራል። በአንጻሩም በአዛዦች መካከል የሚላከው መልእክት በብዙ ቀናት የሚደርስ መሆኑ፣ በሬዲዮ የሚተላለፈውም በጠላት እየተጠለፈ ይሰማ የነበረ መሆኑና ሠራዊቱ ከአየር ጥቃት የሚከላከልበት መሣሪያ ያልነበረው መሆኑ ከግምት ሊገባ ይገባል። ራስ ካሣ ከተረፈው ጦራቸው ጋር ወደ ደቡብ አፈግፍገው ንጉሠ ነገሥቱን በመቀላቀል መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም በማይጨው ጦርነት ላይ ከዋና ዋና አዛዦች አንዱ ሆነው ተዋግተዋል።

የሚያዝያው ውሳኔ

ከማይጨው ሽንፈት በኋላ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም መጨረሻ በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የመኳንንት ምክር ቤት ከባድ ጥያቄ ቀረበለት። ንጉሠ ነገሥቱ በአገር ውስጥ ቆይተው ይዋጉ ወይስ ወደ ጄኔቭ ሄደው የኢትዮጵያን ጉዳይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያቅርቡ የሚለው ነበር። አብዛኛው ተሰብሳቢ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሄዱ ወሰነ። ራስ ካሣም ይህንኑ ሐሳብ ከደገፉት መካከል ነበሩ።

ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ የሚያከራክር መሆኑ ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥቱ በዓለም አደባባይ ያሰሙት አቤቱታ አገሪቱ በሕግ ፊት ሕልውናዋን እንዳታጣ ረድቷል የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ ንጉሥ ከዘማች ሠራዊቱ መለየት አልነበረበትም የሚሉም አሉ። ለራስ ካሣ ግን ጉዳዩ የአገር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ፣ ለዐቅመ አዳም የደረሱት ሦስት ልጆቻቸው በአገር ውስጥ ቀርተው ነበር። ወንድወሰን በላስታ ምድር፣ አበራና አስፋወሰን ደግሞ በሰላሌ ነበሩ። የኢጣሊያ ጦር ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

የሐምሌው ዘመቻ

ደጃዝማች አበራ ካሣ በፍቼ ሆነው የተበተነውን ሠራዊት ማሰባሰብ ጀመሩ። በጥንታዊው የደብረ ሊባኖስ ገዳምና በአካባቢው ምክክር ከተደረገ በኋላ፣ የጠላት ጦር በክረምቱ ዝናብ ከአዲስ አበባ መንቀሳቀስ በማይችልበት ሰዓት ከተማዋን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ተወሰነ። የወሎው ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስም ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም ጥቃቱ ተጀመረ። የሰላሌው ጦር በደጃዝማች አበራና በወንድማቸው በአስፋወሰን እየተመራ ከሰሜን በኩል ሱሉልታንና እንጦጦን አልፎ ወረደ። ሌሎች የጦር መሪዎችም በምሥራቅና በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ እንዲያጠቁ ታቅዶ ነበር። ሆኖም በየተራራው የተከፋፈሉት አርበኞች እርስ በእርስ የሚገናኙበት መሣሪያ አልነበራቸውም። የሞሉት ወንዞች አንዳንዱን ጦር በጊዜው እንዳይደርስ አገዱት። ወደ ከተማዋ የዘለቁትም ከመትረየስና ከአውሮፕላን ጋር ተጋፈጡ። ከፉሪ እስከ እንጦጦ ያለው ቀለበት በአንድ ጊዜ ሊጠብቅ ባለመቻሉ ዘመቻው ከሸፈ። በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ።

ዘመቻው ከተማዋን ባያስለቅቅም ትልቅ ትርጉም ነበረው። የኢጣሊያ መንግሥት ጦርነቱ ተጠናቀቀ ብሎ ካወጀ ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ውስጥ የጠላት ዋና መቀመጫ በገዛ ከተማው ውስጥ የተደፈረ መሆኑን ለዓለም አሳይቷል።

ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም

የክረምቱ ዝናብ እንዳቆመ በማርሻል ግራዚያኒ የሚመራው የፋሽስት አስተዳደር በየአውራጃው የቀሩትን የጦር መሪዎች አንድ በአንድ ማሳደድ ጀመረ። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም ባስተላለፈው ትእዛዝ የሚማረኩ አርበኞች ሁሉ እንዲረሸኑ አዝዞ ነበር። በመሆኑም እጅ ለሚሰጥ የጦር መሪ የሚገባለት የምሕረት ቃል ዋስትና አልነበረውም።

ደጃዝማች ወንድወሰን በታኅሣሥ ወር በሰሜን በተከዜ ምንጭ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ሰሞን ጄኔራል ትራኪያ ብዙ ጦር ይዞ ወደ ፍቼ ዘመተ። ከእርሱም ጋር ከእስር የወጡትና ለኢጣሊያ ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ራስ ኃይሉ በአስታራቂነት ገብተው አበራና አስፋወሰን እጃቸውን ቢሰጡ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ አረጋገጡላቸው። ወንድማማቾቹ ከብዙ ማመንታት በኋላ ቃሉን አምነው ገቡ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም ሁለቱም ቅድመ አያታቸው በገዙባት በፍቼ ከተማ ተገደሉ።

በዚያው ወር በምዕራብ ኢትዮጵያ የተማረኩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ታስረው ሕይወታቸው መትረፉ ሲታሰብ፣ የካሣ ልጆች አሟሟት ሕግን ሳይሆን የአዛዦችን ፈቃድ የተከተለ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የሰላሌ መከራ በዚህም አላበቃም። ከአምስት ወር በኋላ በግንቦት 1929 ዓ.ም የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትና ዲያቆናት ተጨፈጨፉ። ግራዚያኒ ራሱ ለመንግሥቱ ያቀረበው ቁጥር 449 ሲሆን፣ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች የሟቾቹን ቁጥር ከዚያ በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርጉታል።

የደጃዝማች አበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ከባላቸው ሞት በኋላ እጃቸውን አልሰጡም። ጦር አሰባስበው በመምራት በዱር በገደል ከጠላት ጋር የተዋጉ ሲሆን፣ ዛሬ ከታላላቅ የኢትዮጵያ ሴት አርበኞች አንዷ ሆነው ይታወሳሉ። የራስ ካሣ ቤት በወንዶቹ ሞት ትግሉን አለማቋረጡ የእኚህ ሴት ሥራ ነው።

ስደትና መልስ

ራስ ካሣ የስደቱን ዘመን በአብዛኛው ያሳለፉት በኢየሩሳሌም ነበር። በዚያ የሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ለስደተኛው ማኅበረሰብ መጠጊያ ሆኖ ቆይቷል። የሦስት ልጆቻቸው መርዶ የደረሳቸው በሰው አገር ሳሉ ነው። ለቅሶ ለመድረስ የሚመጣው ዘመድ በሌለበት፣ ቀብራቸውን ለማየትም በማይቻልበት ሁኔታ ሐዘናቸውን በጸሎትና በመጻሕፍት ንባብ ተሸከሙት። ከልጆቻቸው አብሯቸው የቀረው ታናሹ አሥራተ ብቻ ነበር።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁኔታውን ከለወጠ በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ሲረግጡ የ59 ዓመቱ ራስ ካሣ አብረው ነበሩ። ጉዞው በጎጃም አድርጎ አባይን ተሻግሮ በሰላሌ በኩል ወደ ሸዋ ያመራ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ ጠላት በገባ በአምስተኛ ዓመቱ በዕለቱ፣ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገቡ።

በዚያው ግንቦት ወር ከደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራ የኢጣሊያ ጦር ከሰላሌ በስተሰሜን ባለው አገር እየተዋጋ ነበር። ይህን ጦር ከኮሎኔል ዊንጌት ጋር ሆነው ያሳደዱት የራስ ካሣ አርበኞች ናቸው። ማራቬንታኖ በሺዎች ከሚቆጠር ሠራዊቱ ጋር በአጊባር እጁን ሰጠ።

የልዑሉ የሕይወት ታሪክ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ይገኛል። ልጆቻቸው የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ የተገደሉባቸው አባት፣ አሁን እጁን የሰጠ የዚያው መንግሥት ሠራዊት በፊታቸው ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጠላት ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ለሕዝቡ አውጀው ነበር። ይህን አዋጅ መፈጸም ለሁሉም ሰው እኩል አልነበረም፤ ለራስ ካሣ ከማንም ይልቅ ይከብድ ነበር። ሆኖም የማራቬንታኖ ወታደሮች መሣሪያቸውን አስረክበው እንደ ጦር ምርኮኛ ተያዙ፤ የበቀል ጭፍጨፋ አልተፈጸመባቸውም። የፍቼውን ሽምግልና የመሩት ራስ ኃይሉም ከነፃነት በኋላ በቁም እስር ተቀመጡ እንጂ አልተገደሉም። የመንግሥት ሕግ ከቤተሰብ ደም በላይ ሆኖ የተገኘበት ይህ ወቅት፣ ልዑሉ በፖለቲካ ሕይወታቸው ሁሉ የያዙትን አቋም በተግባር የመሰከረ ነው።

የመጨረሻ ዘመን

ከነፃነት በኋላ ልዑል ራስ ካሣ በዘውድ ምክር ቤት ከፍተኛ ስፍራ ይዘው ንጉሠ ነገሥቱን በማማከር አገልግለዋል። አዳዲስ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሲቋቋሙና በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠኑ ወጣቶች ወደ አስተዳደር ሲገቡ፣ ልዑሉ የቀድሞውን ሥርዓትና ልምድ የሚያውቁ አንጋፋ ሆነው ይቆጠሩ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በራሷ ጳጳሳት እንድትመራ በተደረገው ረጅም ድርድርም ጉዳዩን በቅርብ ከተከታተሉት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ድርድሩ በ1940 ዓ.ም ከስምምነት ላይ ደርሶ፣ በ1943 ዓ.ም ብፁዕ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ለማየት በቅተዋል።

ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ኅዳር 7 ቀን 1949 ዓ.ም በ75 ዓመት ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የቤቱ ኃላፊነት የተረፈው ለአራተኛው ልጅ ለአሥራተ ካሣ ነበር። ልዑል ራስ አሥራተ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ በኤርትራ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴነት፣ በመጨረሻም በዘውድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት አንዱ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ አራቱም የራስ ካሣ ወንዶች ልጆች በሰው እጅ አለፉ፤ ሦስቱ በወራሪ ጠላት፣ አንዱ በገዛ አገራቸው መንግሥት። የአሥራተ ልጅ ዶክተር ልጅ አስፋወሰን አሥራተ በጀርመን አገር ታዋቂ ደራሲ ሲሆኑ፣ የአጎታቸውን የአስፋወሰንንና የቤቱን ትዝታ በስማቸው ጭምር ተሸክመውት ይገኛሉ።

ከልዑሉ ሕይወት ለዛሬ የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ራስ ካሣ የዙፋን መብት እያላቸው የሌላውን ሥልጣን በታማኝነት ደገፉ። የተሰጣቸውን እስረኛ በክብር ያዙ፤ በጥበቃው ጉድለት ሲገኝም ስማቸው መነካቱን ተቀበሉ። በቀል ለመፈጸም ኃይሉ በእጃቸው በነበረበት ሰዓትም ለሕግ ተገዙ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ቤተሰብ ስላልነበራቸው ወይም ቤተሰባቸውን ችላ ስላሉ አልነበረም። አራት ወንዶች ልጆችን አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁ፣ ከሦስቱ ሞት በኋላም ለቀረው ልጅና ለልጅ ልጆቻቸው የቤቱን ሥርዓት ያስተላለፉ አባት ነበሩ።

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሱሉልታ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዛሬ የሚያልፍበት ጎዳና በ1928 ዓ.ም ክረምት የሁለት ወንድማማቾች ጦር በዝናብና በጭቃ የወረደበት አቅጣጫ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል ፉሪ፣ በሰሜን በኩል እንጦጦ አሁንም ከተማዋን ከበዋት ይገኛሉ። በመካከላቸው የተሠራው አዲስ ከተማ በየዓመቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ በዚያ ምድር ላይ ልጆቻቸውን ያጡ አባቶችና እናቶች ታሪክም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊሸጋገር ይገባዋል።